ዊሊያም ስሚዝ ማንበብና መጻፍ ይችል ነበር

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሰሞን በቴሌግራም አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝና ከሥሩ «አየህ?» ብሎ ጻፈ። ምን እንዳይ እንደፈለገ ወዲያው ገባኝ። እኔና እሱ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይጠቅማል አይጠቅምም እያልን መከራከር ከጀመርን ቆይተናል። ጽሑፉን የላከው እንደ ምስክር ነው።

ከዚያ ወዲህ ያው ጽሑፍ ከአራት ግሩፕ ደረሰኝ። አብረውኝ ጂኦሎጂ (ስነ ምድር) የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ አጋርተውታል፤ ያውም ከነጭብጨባው። እኔ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። የምበላው እንጀራ ጽሑፉ የሚያወራለት ሰው ከጀመረው ሥራ የመጣ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ስሚዝ ፊደል ያልቆጠረ የቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ስላላበላሸው ምሁራኑ ያላዩትን አየ። በዓመት 16,000 ኪሎ ሜትር በእግሩ እየኳተነ፣ ማንም ሳያግዘው፣ የዓለምን የመጀመሪያ የስነ ምድር ካርታ ሠራ። ምድር መጽሐፍ ቅዱስ ከሚለው በላይ ዕድሜ አላት ስላለ ቤተ ክርስቲያን አሳደደችው። የለንደን ሀብታሞች ካርታውን ሰርቀው ለዕዳና ለእስር ዳረጉት። በመጨረሻ ማንም ሳያስታውሰው በድህነት ሞተ። ከዚህ ተነስተው ጸሐፊው ዲግሪ ወረቀት ነው፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ ብለው ወጣቶችን ይመክራሉ። ድንጋዩ የእንግሊዝ ነው፣ ለእኛ የሚጠቅመን ምክሩ ነው ሲሉም ይጨምራሉ።

አጻጻፋቸው ይጥማል። እኔም አንዴ ጀምሬው ሳላቋርጥ ነው የጨረስኩት። ሰውየውን ማስተዋወቃቸው በራሱ ውለታ ነው። ችግሬ ከታሪኩ ጋር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ፊደል ያልቆጠረ» ከሚለው ልነሳ፤ ምክሩ ሁሉ የቆመው እዚያ ላይ ነውና።

ስሚዝ በ1769 ኦክስፎርድሺር ውስጥ ቸርችል በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው አባት ሞተና አጎቱ ወስዶ አሳደገው። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ነገር ግን ልጁ የመንደሩ ትምህርት ቤት ገብቶ ተምሯል። ጂኦሜትሪን ደግሞ በራሱ ጊዜ ከመጽሐፍ አጥንቷል። 18 ዓመት ሲሞላው ኤድዋርድ ዌብ የሚባል መሬት ቀያሽ ረዳቱ አድርጎ ወሰደው። ቅየሳ ምን እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። ቀን ሰንሰለት ትዘረጋለህ፣ ማዕዘን ታነባለህ። ማታ ቁጥሩን ደምረህና አባዝተህ ወረቀት ላይ ታሰፍረዋለህ። አንዲት ስሌት ከተሳሳተች የአንዱ መሬት ለጎረቤቱ ይሄዳል። ይህን ሥራ ፊደል ያልቆጠረ ሰው አይሠራውም።

ሌላም አለ። ስሚዝ በ1806 በውኃ ስለሚለማ የሣር መሬት መጽሐፍ አሳትሟል። ከ1816 ጀምሮ ስለ ቅሪተ አካላት ሁለት ሥራዎች አውጥቷል። ማስታወሻዎቹና ደብዳቤዎቹ ዛሬ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ማን ጻፈለት ሊባል ነው?

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ግን የምገምት ይመስለኛል። በ1799 ባዝ ከተማ ውስጥ ስሚዝ የአካባቢውን የአለት ንብርብሮች ከላይ እስከ ታች በቃሉ ሲዘረዝር ወረቀት ላይ ያሰፈረው ሌላ ሰው ነው። ይህን አንብቦ «አሃ፣ መጻፍ ስለማይችል ነው» ያለ ሰው ይኖራል። እንደዚያማ ከሆነ ለጸሐፊው እየተናገረ የሚያጽፍ ዳኛ ሁሉ መሃይም ነው።

የምቀበለውንም ልናገር። ስሚዝ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። መጽሐፍ መጻፍም አይቀናውም ነበር። በ1801 መጽሐፍ አወጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ አሰራጭቶ ነበር፤ አሳታሚው ከሰረና ነገሩ እንደ ዋዛ ቀረ። ግን በሩ ተዘግቶበት ውጭ መቅረት አንድ ነገር ነው፤ የተከፈተ በር ትቶ መሄድ ሌላ። የዚያን ዘመን ዩኒቨርሲቲ የመንደር ቀጥቃጭን ልጅ ና ግባ የሚል አልነበረም።

ስሚዝ ራሱ ልጅ የማሳደግ ተራ ሲደርሰው ያደረገውን ተመልከቱ። እህቱና ባሏ ሲሞቱ ልጃቸውን ጆን ፊሊፕስን ወሰደ። ትምህርት ቤት አስገባው። ከዚያም በየሄደበት እያስከተለ ሥራውን አስተማረው። ያ ልጅ አድጎ በኦክስፎርድ የጂኦሎጂ መምህር ሆነ። ዳይኖሰሮች የኖሩበትን ዘመን ዓለም ዛሬ ሜሶዞይክ ብሎ የሚጠራው እሱ ባወጣው ስም ነው። ጸሐፊው ይህን የእህት ልጅ አንዴም አላነሱትም። ቢያነሱት ምክራቸው ይበላሽባቸው ነበር።

ወደ ጉዞው ልለፍ። በዓመት 10,000 ማይል፣ ማለትም 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚለው ቁጥር ስለ ስሚዝ ሲነገር የኖረ ነው። ሥራ በበዛባቸው ዓመታት እስከዚያ ይደርስ ነበር ይባላል። «በእግሩ» የምትለዋን ግን የጨመሯት ጸሐፊው ናቸው። ለ365 ብናካፍለው በቀን 44 ኪሎ ሜትር ይመጣል። እሑድ የለም፣ ዝናብ የለም፣ ጉንፋን የለም። በዚያ ላይ ረግረግ ማድረቅ፣ መሬት መቀየስ፣ ባለርስቶችን ማማከር አለ፤ መተዳደሪያው ያ ነበርና። ስሚዝ ብዙ ተራምዷል። አብዛኛውን መንገድ የሄደው ግን ፈረስ በሚጎትተው ሠረገላ ነው። ይህ ክብሩን አይቀንሰውም። እንዲያውም ዓይኑ ምን ያህል ስል እንደነበር የሚታየው ሠረገላው ላይ ነው።

በ1794 ሶመርሴት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ማጓጓዣ ቦይ ሊቆፍር የተነሳው ኩባንያ ስሚዝን ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ወደ ሰሜን ላከው። ሌሎች ቦዮችና የከሰል ጉድጓዶች እንዴት እንደሚሠሩ አይተው እንዲመለሱ ነው። እስከ ኒውካስል ድረስ ወደ 900 ማይል ተጓዙ። ሥራው ቦይ ማየት ነበር፤ የስሚዝ ዓይን ግን ኮረብታው ላይ ነበር። ዮርክ ሲደርሱ ትልቁ ካቴድራል ግንብ ላይ ወጣ። ከሩቅ የሚታዩትን ኮረብቶች ቅርጽ አይቶ እነዚያ ጠመኔ ናቸው አለ። ሄዶ አልነካቸውም። ደቡብ የሚያውቃቸው የጠመኔ ኮረብቶች እንደዚያው ለስለስ ብለው የሚያብጡ ስለነበሩ ነው። ልክ ነበር።

«ማንም ሳያግዘው» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ቅር አሰኝቶኛል። የታሪኩን ጣዕም ያጠፋዋል።

በቸርችል አካባቢ ወተትና ቅቤ የሚያሰናዱ ሴቶች ቅቤ ሲመዝኑ በሚዛኑ አንድ ጎን የሚያስቀምጡት ድንጋይ ነበራቸው። ክብ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ መዳፍ የሚሞላ፣ አናቱ ላይ እንደ ኮከብ አምስት መስመር የወጣበት። «ፓውንድ ድንጋይ» ይሉታል። በእርግጥ ድንጋዩ ድሮ ባሕር ውስጥ የኖረ እንስሳ ቅሪት ነው። የእኛ አገር ነጋዴ የሚዛን ብረት ሲያጣ ድንጋይ እንደሚያስቀምጠው፣ እነሱም ሳያውቁት ቅሪተ አካል ያስቀምጡ ነበር። ልጆቹ ደግሞ «ፐንዲብ» በሚሏት ትንሽ ዛጎል መሳይ ቅሪት ብይ ይጫወቱ ነበር። ስሚዝ ያደገው እነዚህን እያየ ነው። (ፐንዲቧን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።)

በ1791 ለቅየሳ ወደ ሶመርሴት ሄደ። እዚያ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ቆፋሪዎቹ ንብርብሩን አንድ በአንድ በስም ያውቁት ነበር። ይህ ካለፈ ያ ይመጣል፣ ከዚያ ሥር ከሰሉ አለ ይሉታል። መጽሐፍ ላይ የሌለ፣ ጉድጓድ ውስጥ የኖረ ዕውቀት ነው። የእነሱ ዕውቀት ግን ቀዩ አፈር ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከቀዩ አፈር በላይ ያለው ተራ የለውም፣ ዝም ብሎ የተቆለለ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስሚዝ እዚህ ላይ አንድ ነገር ከነከነው። ከታች ተራ ካለው ከላይ ምን ከለከለው?

መልሱን ያገኘው ቦዩ ላይ ነው። ቦይ ሲቆፈር ምድሩ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ጎኑን ያሳያል። ንብርብሮቹ ሁሉ ወደ ምሥራቅ እያዘነበሉ በየተራቸው ወደ መሬት ይገባሉ። ስሚዝ ራሱ ቅቤ ተቀብተው ከተጋደሙ የዳቦ ቁራሾች ጋር አመሳስሏቸዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚታየኝ አንድ ጎኑ ከፍ ያለ መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ ነው።

ዋናው ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሁለት የሸክላ አፈር ንብርብሮች አሉ እንበል። ሁለቱም ጠቆር ያሉ፣ ሁለቱም እጅ ላይ የሚጣበቁ። የትኛው ላይኛው እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ስሚዝ ያየው በውስጣቸው ያለው ቅሪት እንደሚለያይ ነው። እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ የሆኑ፣ ሌላው ጋ የማይገኙ ቅሪቶች አሉት። በጥር 1796 ደንከርተን የምትባል ቦታ ማደሪያ ቤት ተቀምጦ ይህን በማስታወሻ ያዘው። ገና 27 አልሞላውም። እኔ ዛሬ ከጉድጓድ የሚወጣውን ስብርባሪ ሸራ ላይ በተርታ ዘርግቼ «አሁን የቱ ንብርብር ላይ ነን?» ስል የማደርገው የዚያው ዘር ነው።

እንግዲህ የቅቤ ሴቶች አሉ፣ የከሰል ቆፋሪዎች አሉ፣ የቦይ ሠራተኞች አሉ። ካርታውን መዳብ ላይ ያስቀረጸውና ያሳተመው ጆን ኬሪ አለ። በ1815 የወጣው ካርታ 15 ቁራጭ ሉህ ነበር። ሲገጣጠም ቁመቱ 2 ሜትር ከግማሽ ያልፋል፣ ስፋቱ ወደ 1.8 ሜትር ነው። ቀለሙ በእጅ ነው የተቀባው። የእያንዳንዱ ንብርብር ቀለም በታችኛው ጠርዝ ደመቅ ይልና ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። የቱ በየቱ ላይ እንደተጫነ ዓይን ራሱ ያነበዋል። ሐሳቡ የስሚዝ ነው። እያንዳንዱን ቅጂ ቁጭ ብለው የቀቡት ግን ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው።

«የዓለም የመጀመሪያ» የሚለውም ትንሽ ይታረም። ፈረንሳዊው ጌታር በ1746 የአለትና የማዕድን ካርታ አቅርቧል። ዊሊያም ማክሉር በ1809 የአሜሪካን አሳትሟል። ፈረንሳዊዎቹ ኩቪየና ብሮንያር በ1811 የፓሪስን ዙሪያ ካርታ ሲያወጡ እነሱም ቅሪተ አካል ነበር የመራቸው። የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል የሚለውን ደግሞ ዴንማርካዊው ስቴኖ በ1669 ጽፎታል። የስሚዝ ልዩነቱ ይህን መንገድ እንግሊዝንና ዌልስን በሙሉ፣ ከስኮትላንድም ከፊሉን አዳርሶ በዚያ ዝርዝር ማሳየቱ ነው። ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ የለም። ይህ ይበቃዋል፤ ያልሆነውን መጨመር አያስፈልግም።

ቤተ ክርስቲያን አሳደደችው ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ቅድም በ1799 ሌላ ሰው ጻፈለት ያልኩት፣ ያ ሰው ቄስ ናቸው። ቄስ ቤንጃሚን ሪቻርድሰን። የተጻፈው ደግሞ በቄስ ጆሴፍ ታውንሴንድ ቤት ነው። ሪቻርድሰን ብዙ ቅሪተ አካል ሰብስበው ነበር። ስሚዝ አየና እያንዳንዱ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ነገራቸው፤ ባለቤቱ ራሳቸው የማያውቁትን። ከዚያም ሦስቱ ዳንድሪ የሚባል ኮረብታ ሄደው ነገሩን ፈተኑት። አናቱ ላይ ይገኛል ያለው ተገኘ። ታውንሴንድ በ1813 የስሚዝን ንብርብሮች ከነስሙ ጠቅሰው መጽሐፍ አሳተሙ። የመጽሐፉ ዓላማ ምን ነበር? ሙሴ የጻፈው ታሪክ እውነት ነው ብሎ መሟገት! አሳዳጅ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ከሆነች ለሁላችንም ትድረሰን።

ስሚዝ የምድርን ዕድሜ አልቆጠረም። የቆጠረው ተራውን ነው። የወንድማማቾችን ታላቅና ታናሽ ማወቅ ትችላለህ፣ የልደት ዘመናቸውን ሳታውቅ። በእርግጥ በኋላ ጂኦሎጂና ኦሪት ዘፍጥረት የሚያከራክሩበት ጊዜ መጥቷል። ያኔም ቄሶች በሁለቱም ወገን ነበሩ።

አሁን ወደ ስርቆቱ። ይህኛው ግማሽ እውነት ስላለው ረጋ ብለን እንየው።

የለንደን ጂኦሎጂ ማኅበር በ1807 ተመሠረተ። ሲጀመር ምሳና እራት እየበሉ የሚወያዩ ባለጸጎች ስብስብ ነበር። በ1808 አባላቱ ስሚዝ ለንደን ወደተከራየው ቤት መጥተው ካርታውንና ስብስቡን አይተዋል። አባል ግን አላደረጉትም። ከዚያም በፕሬዚዳንታቸው በጆርጅ ግሪኖ መሪነት የራሳቸውን ካርታ ማዘጋጀት ጀመሩ፤ በ1820 ወጣ። የስሚዝን ሥራ ተጠቅመውበታል፣ ስሙን ግን እንደሚገባው አላነሱም። ሌላ ካርታ እየመጣ ነው የሚለው ወሬ ብቻውን የስሚዝን ገበያ ይጎዳል። ይህን ሁሉ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። አሳፋሪ ነገር ነው። የማኅበሩ ካርታ የስሚዝን መሠረትነት በግልጽ የጻፈው በ1865 እትሙ ነው። ያኔ ሁለቱም ሰዎች ሞተዋል።

ግን እስሩ? ስሚዝ ኪንግስ ቤንች የሚባለው የዕዳ እስር ቤት የገባው በሰኔ 1819 ነው። የወጣው በነሐሴ መጨረሻ። የግሪኖ ካርታ የወጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ገና ያልወጣ ካርታ ብቻውን ሰው አያሳስርም።

ያሳሰረው ድንጋይ ነው። ስሚዝ ባዝ አጠገብ ቦታ ገዝቶ ነበር። በኋላ የግንባታ ድንጋይ ማውጫ ከፈተ። የድንጋይ መሰንጠቂያ ወፍጮ አቆመ፣ ድንጋዩን የሚያመላልስ ሐዲድ ዘረጋ። ገንዘቡ ሁሉ ብድር ነው። በዚያ ላይ ለንደን ውስጥ ለአቅሙ የከበደ ቤት ተከራይቷል። ድንጋዩ ሲወጣ ጥራት የለውም። ንግዱ ከሰረ። ቅሪተ አካሎቹን ለብሪቲሽ ሙዚየም በ700 ፓውንድ እስከ መሸጥ ደረሰ፤ አልበቃም። የከሰሰው አበዳሪ ጂኦሎጂስት አልነበረም። የእንግሊዝን አለት እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው በገዛ ጓሮው ድንጋይ ተታለለ። ጸሐፊው ይህን ለምን እንደተዉት አልገባኝም። እኔ ብሆን ታሪኩን የምጀምረው ከዚህ ነበር።

«ሀብታሞቹ» ሲባልም ሁሉም በአንድ ከረጢት አይገቡም። ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሰር ጆሴፍ ባንክስ ለካርታው 50 ፓውንድ ሰጥተዋል። ካርታው የተበረከተውም ለእሳቸው ነው። ኢንዱስትሪንና ንግድን የሚያበረታታው የለንደኑ የጥበባት ማኅበር በ1815 50 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) ሸልሞታል። ረግረጋቸውን ሲያደርቅላቸው የከፈሉት ባለርስቶች ባይኖሩ ኖሮ ደግሞ ያ ሁሉ የሠረገላ ሒሳብ ከየት ይመጣ ነበር?

ተረስቶ ሞተ የሚለውን በፍጥነት ልለፈው። ከእስር ሲወጣ ቤቱ ተወርሶ አገኘው፤ ለንደንን ጥሎ ወደ ሰሜን ሄደ። ከእህቱ ልጅ ጋር በዮርክና በስካርብሮ ንግግር እያደረገ፣ ካርታ እየሠራ ኖረ። ክፉ ዓመታት ነበሩ፣ አልክድም። ሚስቱም በአእምሮ ሕመም ተሰቃይታለች። ነገር ግን በ1829 ስካርብሮ ላይ በእሱ ሐሳብ የተሠራ ክብ ሙዚየም ተከፈተ፤ ሕንፃው ዛሬም አለ። በ1831 ያው አባል ያላደረገው ማኅበር ወላስተን የሚባለውን ሜዳልያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማን ሰጠ? ለስሚዝ። ፕሬዚዳንቱ አዳም ሴጅዊክ በዚያ ቀን የእንግሊዝ ጂኦሎጂ አባት አሉት። ሴጅዊክ፣ በነገራችን ላይ፣ ቄስ ናቸው። በ1832 መንግሥት የ100 ፓውንድ የዓመት አበል ቆረጠለት። በ1835 ከደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የክብር ዶክትሬት ተቀበለ። ወረቀቱን አልመለሰውም።

በ1838 ደግሞ የተቃጠለው የእንግሊዝ ፓርላማ እንደገና ሲሠራ ድንጋይ ከሚመርጡት ሰዎች አንዱ ሆኖ በየማውጫው ዞረ። በመጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው የኖራ ድንጋይ በለንደን ጭስ ብዙም ሳይቆይ ይፈረፈር ጀመር። ስሚዝና የግንባታ ድንጋይ ኮከባቸው አልገጠመም። በነሐሴ 1839 በርሚንግሃም ወደሚደረግ የሳይንስ ጉባኤ ሲሄድ ኖርዝሃምፕተን ላይ ታሞ ሞተ። 70 ዓመቱ ነበር። የተረሳ ሰው ጉባኤ አይጠራም።

የቀረችኝ «ድንጋዩ የእንግሊዝ ነው» የምትለዋ ናት።

በ1867 መጨረሻ የናፒየር ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ከህንድ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት አንድ እንግሊዛዊ አብሮ መጣ። ዊሊያም ቶማስ ብላንፎርድ ይባላል። አመጣጡ ደስ አይልም፤ የወራሪ ጦር ተከትሎ ነው። ነገር ግን ከዙላ ተነስቶ በሰንዓፈ፣ በአዲግራት፣ በአንታሎ፣ በአሸንጌ እስከ መቅደላ ሲጓዝ ያየውን አለት በተራው መዘገበ። በ1870 በመጽሐፍ አወጣው። እኛ ተማሪ ሳለን የሸመደድናቸው ስሞች፣ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ ከእሱ የመጡ ናቸው። የአንታሎው ድንጋይ የጁራሲክ ዘመን፣ ማለትም የሜሶዞይክ መካከለኛው ክፍል መሆኑን በምን አወቀ? በውስጡ ባለው ቅሪተ አካል። የስሚዝ ዘዴ ነው። ብላንፎርድ በ1883 ወላስተን ሜዳልያን ተሸለመ። በመጀመሪያ ስሚዝ የወሰደውን።

ሁለተኛ ዓመት እያለን ለመስክ ትምህርት ዓባይ በረሃ ወረድን። አውቶቡሱ ጎሐ ጽዮን ላይ አወረደንና ወደ ድልድዩ በእግር ቀጠልን። መጀመሪያ ከእሳተ ገሞራ የመጣው ጥቁሩ ባዛልት። ከዚያ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ግራጫ ቢጫው የኖራ ድንጋይ። እዚያ ላይ መምህራችን አስቁመውን «ፈልጉ» አሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ተንበርክኬ ስፈልግ አንዲት ነገር አገኘሁ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ሁለት ክፋይ ያላት፣ ጫፏ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለባት። ብራኪዮፖድ የሚባል የባሕር እንስሳ ቅሪት ናት። የቸርችል ልጆች ብይ ይጫወቱባት የነበረችው ፐንዲብ ዘመድ ናት፤ እነዚያም የጁራሲክ ናቸው። እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለች።

ይህን ምላሽ ከማውጣቴ በፊት ለአክስቴ ልጅ ላክሁለት። ሁለት ቀን ዝም አለ። ስለ ዩኒቨርሲቲው ምንም አላለም። የጻፈልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ያቺ ዛጎል የምትገኘው ከድልድዩ ወዲህ ነው ወይስ በደጀን በኩል?»

በሁለቱም በኩል፣ በዚያው ንብርብር ውስጥ ነው አልኩት።